ጀልባዋን ልሽጣት ወይስ ሞተር ልግዛላት?

ይድረስ ለእትዬ፤

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ የ36 ዓመት ሰው፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የምኖረው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ሥራዬ ጀልባ ነው፤ ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ እንግዳም ምእመንም አመላልሳለሁ።

ጀልባዋ የአባቴ ናት። አባቴ የሮቢት ገበሬ ልጅ ነበር። በወጣትነቱ በታንኳ አሳ ያጠምድ ነበር። ኋላ ከአያቴ የወረሳቸውን ሁለት በሬዎች ሸጠ፣ በዚያ ላይ ተበደረና ይህችን ጀልባ ገዛ። አምስት ልጆች ያደግነው በእርሷ ነው። በ2012 ሲያርፍ እጄን ይዞ «ጀልባዋን አደራ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ኮሮና መጣ፣ ጦርነቱ ተከተለ፣ ከዚያም በኋላ ያለውን እርስዎም ያውቁታል። ፈረንጅ ከስንት አንዴ ነው የሚታየው። ያም ሆኖ ሥራው ጨርሶ አልሞተም፤ ዘንድሮ በመስቀል ማግስት በአንድ ቀን 9,000 ብር ሠርቻለሁ።

ችግሩ ሞተሩ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ለጥገና 180,000 ብር አውጥቻለሁ፤ አሁንም ይንተፋተፋል። መሐል ሐይቅ ላይ ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጀልባው ተሰብሮበት ሞተሩ ብቻ ቀርቶታል። ጀልባዋን በ420,000 ልግዛህ ቢለኝ 650,000 አልኩት፤ ስቆ ሄደ። እርሱ የሚለው ብር ለጥገና ያወጣሁባትን ከቁጥር አያስገባም።

ባለፈው ወር እቁብ ደረሰኝ። 30 ሰው ነን፤ በወር 8,000 ብር እንጥላለን፤ 14ኛው ዕጣ ለእኔ ወጣና 240,000 ብር ተቀበልኩ። እቁቡን የምንጥለው ባብዛኛው ከባለቤቴ ሱቅ ነው። እርሷ ለሱቁ ፍሪጅና ዕቃ እንግዛበት ትላለች። እኔ ግን ያገለገለ ጥሩ ሞተር በ235,000 አግኝቻለሁ። ሻጩ «ዶላር እየጨመረ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልወሰድክ ዋጋው ሌላ ነው» ብሎኛል።

አንድ ለማንም ያልነገርኩት ጉዳይም አለ። ጓደኛዬ በስልክ የዶላር ንግድ ውስጥ አስገባኝና 20,000 ብር አስቀመጥኩ። አሁን 34,000 ሆኗል ይላል። ላውጣው ስል ግን አስቀድሜ 6,000 ብር ግብር መክፈል አለብኝ አሉኝ። ባለቤቴ አታውቅም። ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ጀልባዋን ብሸጥ የአባቴ አጥንት ይወቅሰኛል፤ ባልሸጥ ባለቤቴ ትቀየመኛለች። ምን ይመክሩኛል?

የጀልባው ልጅ፣ ከሽምብጥ

---

ወንድም ዓለም፣

እኔ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ደብዳቤህን ማታ አነበብኩት፣ ጠዋት ደግሜ አየሁት። ብዙ ነገር ስላለበት ከሚያስቸኩለው ልጀምር።

ስልኩ ላይ ያሉት ሰዎች የጠየቁህን 6,000 ብር አትላክ። ልከህም ከሆነ ሁለተኛ አትላክ። 34,000 ብሎ የሚያሳይህ ቁጥር እነርሱ የጻፉት ቁጥር ነው፤ የትም የተቀመጠ ብር የለም። የእውነት ግብር ቢሆን ካለህ ላይ ተቀንሶ የቀረው ይሰጥህ ነበር፤ አስቀድመህ ከኪስህ አምጣ አይባልም። የሰው ገንዘብ ሰብስቦ አተርፋለሁ የሚል ሕጋዊ ድርጅት ወይ ከብሔራዊ ባንክ፣ ወይ በ2013 በወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ ከተቋቋመው ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃዳችሁን አሳዩኝ በላቸውና የሚመልሱልህን ተመልከት። መልእክቶቹንና የላክበትን ደረሰኝ ሳታጠፋ ለፖሊስ አመልክት። ጓደኛህን አትጣላው፤ እርሱም የተታለለ ይመስለኛል። ሌላ ሰው እንዳያስገባ ግን ንገረው።

20,000ውን ሄዷል ብለህ ቁረጥ። ይህን ስታነብ ሆድህ እንደሚላወስ አውቃለሁ። ደብዳቤህን ሳየው 6,000ውን ላክ ላክ የሚልህ ስግብግብነት አይመስልም። 6,000 እስካልተላከ ድረስ 20,000ው «ጠፋ» ሊባል ነው፤ ከተላከ ግን ተስፋው አንድ ሳምንት ይቆያል። ያቺን አንድ ሳምንት ነው በ6,000 ብር የምትገዛት። ይህን አመል ልብ በልልኝ፤ ጀልባዋም ላይ አይቼዋለሁ።

ሁለተኛው አስቸኳይ ነገር ሞተሩ ነው። መሐል ሐይቅ ላይ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ ብለህ በአንድ መስመር አልፈኸዋል። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ምን እንደሚመስል እኔ ለአንተ አልነግርህም። ሞተሩ በደንብ ታይቶ እስኪታመን ድረስ ሰው አትጫን። ኪዳነ ምሕረትን ልትሳለም የወጣች እናት ይዘህ ለሦስተኛ ጊዜ ቢጠፋብህ እኔና አንተ ስለ ብር የምንነጋገረው ነገር አይኖርም።

አሁን ወደ እቁቡ እንምጣ። እንኳን ደስ አላችሁ። እስቲ ግን ወረቀት ይዘን እንቁጠር። እስካሁን 14 ጊዜ ጥላችኋል፤ 112,000 ብር። የቀሩት 16 ወራት ናቸው፤ 128,000 ብር። እጅህ ላይ ካለው 240,000 ከግማሽ የሚበልጠው ገና ያልጣላችሁት፣ የሌሎቹ ዕቁብተኞች ገንዘብ ነው ማለት ነው። ወለድ የለበትም እንጂ ብድር ነው፤ ለዚያውም ዋስ የፈረመበት። ዕጣው የወጣ ዕለት ግን ማንም እንዲህ አይቆጥርም። የእቁብ ብር ባንዴ ጎርፎ ስለሚመጣ ትልቅ ነገር ካልተገዛበት የባከነ ይመስላል። ያው ብር በየወሩ 8,000፣ 8,000 እየሆነ ቢመጣ ኖሮ ሞተር ይታሰብህ ነበር?

እኔ ራሴ አስተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያው እቁብ በደረሰኝ ሳምንት ቡፌ ገዛሁ። ቡፌው ውስጥ የሚደረደር ሳህን አልነበረኝም። ዓመት ሙሉ የተማሪዎቼ ደብተር ተደርድሮበት ከረመ፤ እኔም በየወሩ ከደመወዜ እየቆረጥኩ እቁቡን ስጥል እያየሁት እናደድ ነበር። አሁንም ቤቴ አለ፤ እንግዳ ሲመጣ «የድሮ ዕቃ ጥሩ ነው» ይሉኛል፣ እኔም ዝም እላለሁ።

ከደብዳቤህ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር አልለቀኝ አለች። «እቁቡን የምንጥለው ባብዛኛው ከባለቤቴ ሱቅ ነው» ብለህ ወዲያው ወደ ሌላ ጉዳይ ተሻገርክ። ለጀልባዋ ግን ስንት መስመር ጻፍክ? የአያትህን በሬዎች፣ የአባትህን ታንኳ፣ የመስቀል ማግስትን ሁሉ ነገርከኝ። ሱቁ ታሪክ የለውም። ሳሙናና ዘይት፣ ቆሎና ፓስታ ነው፤ ቁሞ የሚያደንቀው የለም። ግን 14ቱን ወር የጣለው ባብዛኛው እርሱ ነው፤ የቀሩትን 16 ወራትም የሚጥለው እርሱ ይመስለኛል። ቤታችሁን የምትመግበው ጀልባዋ ናት የሚለው ነገር በአባትህ ዘመን እውነት ነበር። ዛሬስ? ልወቅስህ አይደለም የምጠይቅህ፤ መልሱን ከእኔ ይልቅ ባለቤትህ ታውቀዋለች፣ ምናልባትም ሳትናገረው ብዙ ወር ቆይታለች።

እንግዲህ ስለ ዋጋው። 650,000 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ልገምት። ሰውየው 420,000 ሲልህ በሆድህ የጥገናውን 180,000 ደመርክበት፤ 600,000 ሆነ። የቀረችው 50,000 አባትህ ናቸው። ገዥው ግን የሚገዛው ነገ ውኃ ላይ የምትሄድ ጀልባ ነው፤ የአንተ ደረሰኝ አይታየውም፤ አባትህም አላሳደጉትም። ለዚህ ነው የሳቀው፤ ንቀት አድርገህ አትውሰድበት።

በዚህ ነገር ብቻህን አይደለህም። ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ክኔሽና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ተመራማሪዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ያሳተሙት አንድ ሙከራ አለ፤ ከሦስቱ ካህነማንና ቴለር ኋላ በየተራቸው በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ክፍል ለተቀመጡ ተማሪዎች፣ ለግማሾቹ ተራ ኩባያ ሰጧቸው፤ ግማሾቹ ባዶ እጃቸውን ናቸው። ከዚያ ባለ ኩባያዎቹን በስንት ትሸጣላችሁ፣ ሌሎቹን በስንት ትገዛላችሁ ብለው ጠየቁ። ሻጮቹ የጠሩት ዋጋ ገዥዎቹ ከጠሩት እጥፍ ገደማ ነበር። ኩባያው ያው ኩባያ ነው፤ ልዩነቱ ባለቤቶቹ ለጥቂት ደቂቃ የእኔ ነው ማለታቸው ብቻ ነው። ካህነማን ከዚያ ቀደም፣ በ1979፣ ከአሞስ ትቨርስኪ ጋር ሆኖ ሰው 100 ብር ሲያገኝ ከሚደሰተው ይልቅ 100 ብር ሲያጣ የሚያመው እንደሚበልጥ ጽፎ ነበር። ለደቂቃ የተያዘ ኩባያ እንዲህ ካደረገ፣ አንተ በእርሷ ያደግክባትን ጀልባ በ420,000 ስጥ ስትባል ደምህ ቢፈላ ምን ይገርማል?

ግን አንድ ጥያቄ ልተውልህ። ዛሬ ጀልባ የለህም እንበል። 420,000 ብር በእጅህ ይዘህ ወደ ወደቡ ወረድክ። ይህች ጀልባ፣ ይሄ ከሚንተፋተፈው ሞተር ጋር፣ ለሽያጭ ቆማለች። የማታውቀው ሰው ጀልባ ናት እንበል፣ የማንም ትዝታ የለባትም። ትገዛታለህ? መልስህን ለእኔ አትጻፍልኝ፤ ለራስህ ብቻ በእውነት መልስ። የማትገዛት ከሆነ፣ ሳትሸጣት ባደርክ ቁጥር ያንን ብር ከፍለህ እየገዛሃት እንደምታድር ቁጠረው። የምትገዛት ከሆነ ደግሞ ምክንያትህን ባለቤትህ ፊት ልትናገረው የምትችለው ዓይነት መሆን አለበት።

የአደራውን ነገር ሆን ብዬ አቆይቼዋለሁ፤ ደብዳቤህ የተጻፈው ለእርሱ ነውና። አደራ ቀላል ቃል አይደለም። በእኛ አገር አደራ የበላ ሰው የሚባለውን ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ «ተወው፣ ዕቃ ነው» ብዬ አላቃልልብህም። ግን አንተው የነገርከኝን ታሪክ መልሼ ላንብብልህ። አባትህ በሬዎቹን ከማን ወረሷቸው? ከአያትህ። የገበሬ ልጅ በሬ ሲሸጥ ምን ማለት ነው? ያን ቀን ሮቢት ውስጥ «የአባቱን በሬ ሸጦ ጀልባ ገዛ፤ ይህ ልጅ አብዷል» ያላለ ጎረቤት ያለ አይመስለኝም። ቀድሞም በታንኳ እየቀዘፉ ነበር፤ እርሷንም ትተው ነው ሞተር ያለው ጀልባ ላይ የወጡት። አባትህ አያትህን ከድተዋቸው ነበር? ወይስ ልጆቻቸውን የሚመግብ ነገር ሲያዩ የወረሱትን ወደዚያ አዞሩት?

እናትህ በሕይወት ካሉ ሂድና ጠይቃቸው፤ ከሌሉ ታላቅ ወንድምህን ወይም አጎትህን። «አባዬ በሬዎቹን ሲሸጥ ምን አለ? አልቅሶ ነበር?» በል። ስለ ሞተር አታንሣ፣ ምክርም አትጠይቅ። ዝም ብለህ አስወርተህ ስማ። አባትህ በመጨረሻ ሰዓታቸው «ጀልባዋን» ሲሉ ጣውላዋን ይሁን ወይስ እናንተን አምስታችሁን ያጎረሰውን ሥራ፣ ከእኔ ይልቅ አብረዋቸው የኖሩት ሊነግሩህ ይችላሉ። ምናልባት የሚነግሩህ ነገር እኔ ከገመትኩት የተለየ ይሆናል፤ እንደዚያም ከሆነ ልትሰማው ይገባል።

አሁን ደግሞ አመሉን እንይ። የመስቀል ማግስት 9,000 ብር ሠራሁ ብለህ ቀኑን ሳይቀር ጠቅሰህልኛል። ባዶህን የተመለስክባቸውን ቀናት ግን አንድም አልነገርከኝም። ለማጭበርበር አይመስለኝም፤ ባዶ ቀን አይታወስም። ጠዋት ትወርዳለህ፣ ተራ ትጠብቃለህ፣ ማኪያቶ ይጠጣል፣ ጨዋታ አለ፣ ከሰዓት ይሆናል፣ «ነገ ቡድን ይመጣል» ይባላል። አልፎ አልፎ የምትመጣ አንዲት ወፍራም ቀን ደግሞ የሃያውን ባዶ ቀን ወቀሳ ሁሉ ትሽራለች። አሳ አጥማጅም፣ ሎተሪ ቆራጭም እንዲሁ ነው የሚሆነው። ለዚህ አንድ መድኃኒት ነው የማውቀው፦ ደብተር። የልጆችህን ያለቀ ደብተር ጀርባውን ውሰድና በየቀኑ አንድ መስመር ጻፍ። የገባ፣ ለቤንዚን የወጣ፣ ለማኅበሩ የተከፈለ፣ ወደቡ ላይ የበላኸውና የጠጣኸው። ምንም ባልገባበት ቀን ዜሮ ብለህ ጻፍ፤ ዜሮዎቹን አትዝለላቸው። የጥገናው 180,000ም በ36 ወር ሲካፈል በወር 5,000 ብር መሆኑን ከደብተሩ አናት ላይ አስፍረው።

የሞተሩ ሻጭ «በሁለት ሳምንት» ያለህን ነገር ላንተው ላስረዳህ አያስፈልግም፤ ነጋዴ ነው፣ ሥራውን ነው የሚሠራው። ውሸቱን ነው ግን አልልህም። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅቀው ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ይህን ተከትሎ ተወደደ፤ ብርን ዝም ብሎ ማስቀመጥም ያስፈራል። ፍርሃትህ ምክንያት አለው። ግን «ይወደዳል» ማለት «ያስፈልገኛል» ማለት አይደለም። ሊወደድ ነው ተብሎ የተገዛ ስንት ዕቃ በየቤቱ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል? ደግሞም 235,000 ብር ከ240,000 ላይ ስትወጣ 5,000 ብር ናት የምትተርፍህ፤ የሚቀጥለው ወር እቁብ 8,000 ነው። ያገለገለ ሞተር ደግሞ በወሩ አንዲት ዕቃ ይጠይቃል። ያን ጊዜ የት ትሄዳለህ? አራጣ ጋ እንዳትሄድ ነው የምፈራው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ደብዳቤህ ውስጥ ተቀምጦ አንተ ያላየኸው መሰለኝ። ገዥህ ሞተር አለው፣ ጀልባው ግን ተሰብሮበታል። አንተ ጀልባ አለህ፣ ሞተርህ ግን ሞቷል። ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ይዛችሁ ወደቡ ላይ ትተያያላችሁ። ለምን በሽያጭ ብቻ ታወራላችሁ? የእርሱን ሞተር በአንተ ጀልባ ላይ አድርጋችሁ፣ ወጪው ተነሥቶ የቀረውን እኩል ተካፍላችሁ አንድ ወቅት ብትሞክሩስ? እርሱ እንቢ ሊል ይችላል፤ መጠየቁ ግን ምንም አያስከፍልህም። ቢስማማ በቃል አታድርጉት። ሞተሩ ቢበላሽ ማን ያሠራል፣ ማን ይነዳል፣ ሒሳብ በስንት ቀን ይታያል የሚለውን ጻፉና ሁለት ምስክር ይፈርምበት። በወዳጅነት የተጀመረ የእኩል ሥራ ወዳጅነቱንም ይዞ ሲፈርስ ስንት አይቻለሁ።

ጊዜውም ይመቻል። ከአሁን ጀምሮ ገና አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ከዚያ የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል ነው፤ ያን ዕለት ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የሚሳለመውን ሕዝብ ታውቀዋለህ። ጀልባዋ ልትመግብ ከቻለች በእነዚህ ወራት ነው። ስለዚህ ዛሬ፣ ልብህ ገና ሳይሞቅና ሳይቀዘቅዝ፣ አንድ ወረቀት ጻፍ። «እስከ የካቲት 16 ድረስ ጀልባዋ ወጪዋ ተቀንሶ በወር ቢያንስ የእቁቡን 8,000 ብር ካላመጣች፣ በዚያን ጊዜ በሚገኘው የተሻለ ዋጋ እሸጣታለሁ።» ቁጥሩን ከባለቤትህ ጋር ተስማምታችሁ ልትለውጡት ትችላላችሁ፤ 8,000 ያልኩት ሱቁ ላይ ያለውን ሸክም ስለሚያወርድ ነው። ወረቀቱን ለንስሐ አባታችሁ አስይዘው። ለምን መሰለህ? በየካቲት 17 አንድ ጥሩ ቀን ገጥሞህ «ትንሽ እንያት» ማለትህ አይቀርም። እቁብስ የሚሠራው ለምን ይመስልሃል? ብሩን ከራሳችን እጅ የሚያስጥል ዳኛ ስላለ ነው። ያለ ዳኛ 14 ወር ተከታትለህ 8,000 ብር ታስቀምጥ ነበር?

ዋጋውንም እስከዚያው አጣራ። ጀልባዋን ሊገዙ የማይፈልጉ፣ ሥራውን ግን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ፈልግ፤ አንዱ ከጎርጎራ በኩል ቢሆን የተሻለ ነው፣ አባትህን ስለማያውቃቸው። ለየብቻ «ብትሆን ስንት ትሰጣለህ?» በላቸው። የሚነግሩህ ቁጥር ከ420,000 ሊበልጥም ይችላል፤ ያኔ በልበ ሙሉነት ትከራከራለህ።

ብሩን እስከዚያ ምን ላድርገው ትለኛለህ። እኔ ብሆን አራት ወር የሚጣለውን 32,000 ብር ለእቁቡ ብቻ ለይቼ አስቀምጥ ነበር፤ ባዶ ወር ሲመጣ አልደነግጥም። ከቀረው ላይ ለሱቁ የሚሆነውን ተመካክረን እናወጣለን፤ የተረፈው በሁለታችን ስም በተከፈተ፣ የሁለታችንም ፊርማ ካልኖረ በማይወጣ የጋራ ሒሳብ ውስጥ እስከ የካቲት ይቀመጣል። በእነዚህ ሦስት ወራት ብሩ ትንሽ ይሟሟል፤ ይሟሟ። ከቡፌ ይሻላል።

የባለቤትህንም ሐሳብ ግን በዚሁ ሚዛን አስቀምጠው፤ ሴት ስለሆነች ወይም ስለተናደደች ብለህ ዝም ብለህ አትቀበላት። ፍሪጁን የፈለገችው ደንበኛ ቀዝቃዛ ውኃና ለስላሳ እየጠየቀ ስለሚመለስ ነው ወይስ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ስለገዛ? ለአንድ ሳምንት «ቀዝቃዛ አለ?» ብሎ ጠይቆ የሄደውን ሰው በእርሳስ ትቁጠር። መብራት ስንት ቀን እንደሚጠፋም አብራችሁ አስቡ። ምናልባት ፍሪጁ ይቆይና ቶሎ የሚያልቀውን ዕቃ በካርቶን መግዛቱ ይበልጥ ያተርፋል። የእርሷም ደብተር ከአንተ ደብተር ጎን ይቀመጥ።

በመጨረሻ ስለ ንግግሩ። እርሷ ሱቅ ዘግታ ስትገባ፣ እግሯ ዝሎ፣ ልጆቹ ራት እየጠየቁ አታንሣባት። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ልጆቹን ለአያታቸው ተውና ወደ ሐይቁ ዳር ይዘሃት ሂድ። ሞተርም ፍሪጅም ከማለትህ በፊት የ20,000ውን ንገራት። ትቆጣለች፤ ትቆጣ። «አንቺ እንዳታዝኚ ብዬ ነው» አትበላት፤ «አፍሬ ነው የደበቅኩሽ» በላት፣ እውነቱ ይህ ስለሚመስለኝ። ከዚያ «እቁቡን 14 ወር የጣልሽው አንቺ ነሽ» በላትና ዝም በል። ስትመልስ አታቋርጣት። የጀልባውን ወሬ ያን ቀን ባትጨርሱትም ግድ የለም፤ የሞተሩ ሻጭ በሁለት ሳምንቱ ውስጥ ካልጠበቀህ ሌላ ሞተር ይገኛል።

ጀልባዋ ላይ የተጻፈ ስም ካለ አልነገርከኝም። ካለ፣ የካቲት ላይ ብትሸጥም ባትሸጥም፣ ያችን ስም የያዘችውን ጣውላ አሁኑኑ ነቅለህ ቤት አስገባት፤ በምትኳ አዲስ ጽፈህ ለጥፍ። የአባትህን መቅዘፊያም እንዲሁ። እነዚህን ማንም በ420,000 አልጠየቀህም። እህል ውኃ ሲልና የመጀመሪያው ወር ደብተር ሲሞላ ደግሞ ጻፍልኝ፤ ዜሮዎቹን ሳትደብቅ።